«675 ጊዜ ያጎላል» የሚለውን ሳጥን ከመግዛትዎ በፊት

ሰሞኑን አንድ የሙያ ባልደረባዬ ደወለልኝ፡፡ አሥራ ሁለት ዓመት የሞላት ሴት ልጁ ስለ ሰማይ ካልሆነ በቀር ወሬ የላትም፡፡ ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ተገኝቷል፤ ቴሌስኮፕ እንዲያመጣ ሊልክበት ፈልጓል፡፡ ሁለት አማራጮች አይቷል፡፡ የአንደኛው ሳጥን ላይ በትልልቅ ቁጥር «675 ጊዜ ያጎላል» የሚል አለ፤ ከጎኑም የሳተርን ፎቶግራፍ ከነቀለበቱ በቀለም አሸብርቆ ተለጥፏል፡፡ የሁለተኛው ሳጥን ስለ ማጉላት ብዙም አያወራም፤ ከዕቃው ጋር ያሉት ሌንሶች 26 ጊዜና 65 ጊዜ እንደሚያጎሉ ብቻ በትንሹ ጽፏል፡፡ ዋጋው ደግሞ ከመጀመሪያው ከፍ ይላል፡፡ «መቼም ባለ 675ቱ ነው የሚሻለው፣ አይደል?» አለኝ፡፡

አይደለም፡፡ እንዲያውም ከሁለቱ ልጅቷን ከሰማይ ጋር ሊያቆራርጣት የሚችለው ባለ 675ቱ ነው፡፡ የእኛ አገር ገዢ ደግሞ በዚህ ጉዳይ ከሌላው ዓለም ገዢ የበለጠ መጠንቀቅ አለበት፡፡ አሜሪካ ያለ ሰው ያልወደደውን ዕቃ በሳምንቱ መልሶ ገንዘቡን ሊቀበል ይችላል፡፡ በዘመድ ሻንጣ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ቴሌስኮፕ ግን መመለሻ የለውም፡፡ አንዴ ከተሳሳቱ ዕቃው ቁም ሳጥን ላይ ይወጣል፣ ልጅቷም «ሰማይ ማየት ለካ አሰልቺ ነው» ብላ ወደ ስልኳ ትመለሳለች፡፡

በመጀመሪያ ስለዚህ 675 ስለሚባል ቁጥር እንነጋገር፡፡ የሕግ ሰው እንደመሆኔ ይህ ቁጥር ያስገርመኛል፤ ምክንያቱም ውሸት አይደለም፡፡ ቴሌስኮፕ ስንት ጊዜ እንደሚያጎላ ለማወቅ የዋናውን ሌንስ የትኩረት ርዝመት ዓይናችንን በምናስጠጋበት ትንሽ ሌንስ የትኩረት ርዝመት ማካፈል ነው፡፡ የተለመደው ርካሽ ቴሌስኮፕ 60 ሚሊ ሜትር ስፋትና 900 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርዝመት አለው፡፡ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሲገባበት 225 ጊዜ ያጎላል፡፡ በሳጥኑ ውስጥ ያለውን ሦስት እጥፍ የሚያደርግ ተጨማሪ ሌንስ መሀል ላይ ቢሰኩበት 675 ይሆናል፡፡ ሒሳቡ ልክ ነው፤ ችግሩ በ675 ምንም የማይታይ መሆኑ ነው፡፡

ለምን ቢባል፣ የቴሌስኮፕ ዋና ሥራው ማጉላት ሳይሆን ብርሃን መሰብሰብ ነው፡፡ በጨለማ ውስጥ የሰው ዓይን ብሌን ቢበዛ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ይከፈታል (የእኔ ዕድሜ ላይ ሲደረስ 5 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው)፡፡ 60 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሌንስ ከዚያ ብሌን ወደ 70 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ይሰበስባል፡፡ 130 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት ደግሞ ከ300 እጥፍ በላይ፡፡ ስፋቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ አራት እጥፍ ይሆናልና፡፡ ማጉላት ማለት ያንን የተሰበሰበ ብርሃን በሰፊ ቦታ ላይ መበተን ነው፡፡ ጥቂት ቅቤ ትልቅ ዳቦ ላይ እንደ መቀባት በሉት፤ ዳቦው በሰፋ ቁጥር ቅቤው ይሳሳል፡፡ በዚያ ላይ የሌንሱ ስፋት ራሱ በሚያሳየው ዝርዝር ላይ ወሰን ያበጅበታል፡፡ በልምድ የታወቀው መለኪያ ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ስፋት ሁለት ጊዜ ማጉላት ነው፡፡ ስለዚህ 60 ሚሊ ሜትሩ 120 ጊዜ፣ ያውም ጥሩ ሌንስና ጥሩ ምሽት ሲገጥመው ነው፡፡ ከዚያ በላይ የሚጎላው ብዥታው ነው፡፡

ሌላም አለ፡፡ መሬት ትዞራለችና ኮከብ በሌንሱ ውስጥ ቆሞ አይጠብቅም፡፡ በ675 ማጉላት የሚታየው የሰማይ ቁራጭ እጅግ ጠባብ ስለሚሆን ሳተርንን በመከራ ቢያገኟት እንኳ አሥራ አምስት ሴኮንድ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከጥግ እስከ ጥግ ሄዳ ትሰወራለች፡፡ ቀጭኑ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ በነካኩት ቁጥር ስለሚንቀጠቀጥ ያን አሥራ አምስት ሴኮንድ የሚጨርሱት መንቀጥቀጡ እስኪያበቃ በመጠበቅ ነው፡፡ በ26 ማጉላት ግን የሚታየው ሰማይ ሙሉ ጨረቃን ሦስት ጊዜ ጎን ለጎን ቢያስቀምጧት የሚበቃ ሰፊ መስኮት ነው፤ ጀማሪም ቢሆን የሚፈልገውን ያገኛል፣ ካገኘም በኋላ ለደቂቃዎች ያየዋል፡፡

በአገራችን የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሐሰተኛ ብቻ ሳይሆን አሳሳች ማስታወቂያንም ይከለክላል፡፡ የሳጥኑ 675 የሁለተኛው ዓይነት ጥሩ ምሳሌ ይመስለኛል፡፡ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጭ ዕቃው ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ለገዢው ዋስ እንዲሆን ያስገድዳል፡፡ ግን ማንን ይከሳሉ? ሻጩ ባሕር ማዶ ነው፤ ያመጣው ዘመድዎ ነው፤ ደረሰኙም ምናልባት እዚያው ተጥሏል፡፡ እዚህ አዲስ አበባ ከአንድ ሱቅ ካገኙ ግን ደረሰኝ ይቀበሉ፤ ሳይከፍሉም ዕቃውን ይመርምሩ፡፡

ምርመራው አስቸጋሪ አይደለም፡፡ ቱቦውን በጣትዎ መታ ያድርጉና በሌንሱ ውስጥ እያዩ ይቁጠሩ፡፡ ምስሉ በሁለት ወይም በሦስት ሴኮንድ ካልረጋ ማቆሚያው ደካማ ነው፤ ደካማ ማቆሚያ ላይ የተቀመጠ ጥሩ ሌንስ ደግሞ ከመጥፎ ሌንስ አይሻልም፡፡ ቀጥሎ ወደ ሩቅ ፎቅ አንቴና አነጣጥረው ጠርዙ ጥርት ብሎ ይታይ እንደሆነ ይመልከቱ (በፀሐይ አቅጣጫ ፈጽሞ አያዙሩት፤ ወደዚህ እመለሳለሁ)፡፡ ትንንሾቹ ሌንሶች የሚሰኩበት ቀዳዳ ስፋት 1.25 ኢንች፣ ማለትም ወደ 32 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ይሁን፡፡ ወደ 24 ሚሊ ሜትር ከሆነ አሮጌ መለኪያ ነው፤ ወደፊት የተሻለ ሌንስ ቢፈልጉ በቀላሉ የሚገጥም አያገኙም፡፡

አንድ ሌላ ወጥመድ ላንሳ፤ ይኼኛው የተማረውንም ይይዛል፡፡ መስተዋቱ 114 ወይም 127 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ቱቦው ግማሽ ሜትር እንኳ በቅጡ የማይሞላ፣ የትኩረት ርዝመቱ ግን «1000 ሚሊ ሜትር» የተባለ ቴሌስኮፕ ካጋጠመዎ ይለፉት፡፡ በዚህ ዓይነቱ መስተዋት አንድ ሜትር የትኩረት ርዝመት አንድ ሜትር ገደማ ቱቦ ይፈልጋል፡፡ ቱቦው ያጠረው ውስጡ ርዝመቱን የሚያራዝም ሌንስ ስለተቀበረበት ነው፡፡ በርካሽ ሲሠራ ምስሉን ያደበዝዛል፤ መስተዋቶቹን ማስተካከልንም ለጀማሪ ፈተና ያደርገዋል፡፡ ስፋቱን አይተን ርዝመቱን ሳንለካ ብንገዛ «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የተባለው በእኛ ደረሰ ማለት ነው፡፡

ታዲያ የትኛው ይገዛ? ገበያ ላይ ያሉት ዓይነቶች በጥቅሉ ሦስት ናቸው፡፡ ጋሊሌዮ እ.ኤ.አ በ1609 ሠርቶ በ1610 መጀመሪያ የጁፒተርን አራት ጨረቃዎች ያየበት ባለ ሌንሱ አንዱ ነው፡፡ (የጋሊሌዮ መሣሪያ ያጎላ የነበረው 20 ጊዜ ገደማ ብቻ ነበር፤ በዚያው የሰው ልጅ ስለ ራሱ ቦታ የነበረውን ሐሳብ አናወጠ፡፡ የሳጥኑን 675 ስናይ ብናስታውሰው መልካም ነው፡፡) ሁለተኛው ኒውተን እ.ኤ.አ በ1668 የሠራው ባለ መስተዋት ነው፡፡ ሦስተኛው ሁለቱን የሚያቀላቅል ሲሆን ጥሩ ግን ውድ ነው፤ ለመጀመሪያ አያስፈልግም፡፡ መስተዋት የሚሠራው አንድ ፊቱ ብቻ ስለሆነ በእኩል ገንዘብ ከሌንስ የበለጠ ስፋት የሚገዛው በመስተዋት ነው፡፡

ማቆሚያውን በተመለከተ ባለውለታችን ጆን ዶብሰን ነው፡፡ እ.ኤ.አ በ1915 ተወልዶ በ2014 ያረፈው ዶብሰን ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የአንድ የሂንዱ ገዳም መነኩሴ ነበር፡፡ ገንዘብ የለውም፡፡ ስለዚህ ከመርከብ መስኮት መስታወት እየሞረደ መስተዋት ሠራ፤ ከወፍራም ካርቶን ቱቦ፣ ከኮምፔንሳቶ ደግሞ ግራና ቀኝ፣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚዞር ሣጥን መሰል ማቆሚያ አበጀ፡፡ ከዚያ መንገድ ዳር አቁሞ አላፊ አግዳሚውን «ና ሳተርንን እይ» ይል ነበር፡፡ ዛሬ በስሙ «ዶብሶንያን» የሚባለው ይህ አሠራር አይንቀጠቀጥም፣ አይወሳሰብም፣ ቢሰበር ሰፈር ያለ አናጢ ይጠግነዋል፡፡ ለአገራችን ታስቦ የተሠራ ነው የሚመስለኝ፡፡

ለባልደረባዬ የመከርኩትም ይህንኑ ነው፡፡ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ 130 ሚሊ ሜትር መስተዋት ያለው ትንሽ ዶብሶንያን፡፡ ስካይዎቸር የተባለው ኩባንያ «ሄሪቴጅ 130ፒ» እያለ የሚሸጠው በዚህ ረገድ የታወቀ ነው፤ የትኩረት ርዝመቱ 650 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አብረውት ከሚመጡት ባለ 25ና ባለ 10 ሚሊ ሜትር ሌንሶች ጋር 26ና 65 ጊዜ ያጎላል፡፡ ያ ትንሹ ሳጥን እውነቱን ነበር የሚናገረው፡፡ ቱቦው ተገፍቶ የሚታጠፍ፣ ክብደቱም ስድስት ኪሎ ግራም ገደማ በመሆኑ ከዘመድ ሻንጣ ጋር ብዙ አይጣላም፡፡ ጠረጴዛ ከሌለ ደህና አድርጎ የተሠራ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ይበቃዋል፤ ሦስት እግር ያለው ነገር ወጣ ገባ መሬት ላይ እንኳ አይወላገድም፡፡ ቦታና ገንዘብ ያለው ሰው ባለ 150 ወይም ባለ 200 ሚሊ ሜትር ቢገዛ የበለጠ ያያል፡፡ ነገር ግን ባለ 200ው ከአራተኛ ፎቅ ኮንዶሚኒየም ተሸክመው የሚያወርዱት ከሆነ ለስንት ምሽት እንደሚያወርዱት አስቀድመው ራስዎን ይጠይቁ፡፡ በየምሽቱ የሚወጣ ትንሽ ቴሌስኮፕ ከማይወጣ ትልቅ ቴሌስኮፕ የበለጠ ያሳያል፡፡

የቆዩ ጽሑፎችን የሚያነብ ሰው ኦሪዮንና ሚድ የሚባሉ የአሜሪካ ስሞች ደጋግመው ይገጥሙታል፡፡ እ.ኤ.አ በ2024 ሁለቱም ሥራቸውን አቁመዋል፡፡ ያገለገለ ቢያገኙ ዕቃው መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ከአምራቹ መለዋወጫ እጠብቃለሁ ማለት ግን አያስኬድም፡፡

አሁን በውጭ አገር መጻሕፍት ላይ የማያገኙትን ልንገርዎ፡፡ ብዙዎቹ ርካሽ ቴሌስኮፖች ክብደት ከተንጠለጠለበት፣ አንዱ ዘንጉ ወደ ሰሜን ኮከብ እንዲያመለክት ከሚፈለግ ማቆሚያ ጋር ይሸጣሉ፡፡ ሐሳቡ የመሬትን ዙረት በአንድ እጀታ ለመከተል ነው፡፡ ለንደን ወይም ኒው ዮርክ ላለ ሰው ይሠራል፤ የሰሜን ኮከብ እዚያ ከፍ ብላ ትታያለች፡፡ አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ነው ወደ ሰሜን የምትርቀው፤ ስለዚህ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ 9 ዲግሪ ላይ ነው የምትቀመጠው፡፡ ያንን ደግሞ የእንጦጦ ተራራ ባይጋርደው የጎረቤት ፎቅ ይጋርደዋል፡፡ ቢታይም እንኳ ብዙዎቹ ርካሽ ማቆሚያዎች እስከዚህ ድረስ ዝቅ እንዲሉ አልተሠሩም፤ የተንጠለጠለው ክብደት ከማቆሚያው እግር ጋር ይጋጫል፡፡ ስለዚህ ሻጩ «ይህ የባለሙያ ማቆሚያ ነው» ቢልዎ አመስግነው ወደ ዶብሶንያኑ ይለፉ፡፡

ይኸው 9 ዲግሪ በሌላ በኩል የሚያስቀናን ሀብት ነው፡፡ ከዚህ ሆኖ ከደቡቡ ጥግ ጥቂት ሲቀር ሰማይን በሙሉ በዓመት ውስጥ ማየት ይቻላል፡፡ ፕላኔቶች ለእኛ ወደ አናታችን ተጠግተው ስለሚያልፉ የምናያቸው በሳሳው የከባቢ አየር ክፍል በኩል ነው፤ በዚያ ላይ ከተማችን ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነች፡፡ በጥርና በየካቲት ምሽቶች የኦሪዮን ኔቡላ ከአናት በላይ ይሆናል፡፡ በሚያዝያና በግንቦት ደመናው ከፈቀደ ወደ ደቡብ ሲዞሩ የደቡብ መስቀልን፣ ከእሱም በስተ ምሥራቅ ኦሜጋ ሴንታውሪ የተባለውን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ከዋክብት የታጨቁበትን ክምችት ያገኛሉ፡፡ ይህንን የለንደን ሰው፣ የፈለገውን ያህል ውድ ቴሌስኮፕ ቢኖረው፣ ከቤቱ ደጃፍ ሊያየው አይችልም፡፡ በእንጦጦ ላይ እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች መተከላቸው ያለ ምክንያት አይደለም፡፡

የከተማው መብራት ይረብሻል፤ ጨረቃንና ፕላኔቶችን ግን አይጎዳም፡፡ የሚጎዳቸው ሌላ ነገር ነው፡፡ ቀን ሲግል የዋለ የቆርቆሮ ጣሪያ ሲመሽ ሙቀቱን ስለሚተፋ ከላዩ ያለው አየር ይንቀጠቀጣል፤ ጁፒተርን በዚያ አሻግረው ቢያዩ ውኃ ውስጥ የወደቀች ሳንቲም ትመስላለች፡፡ አምሽተው ይጀምሩ፣ ወይም ጣሪያ የማይበዛበትን አቅጣጫ ይምረጡ፡፡ ቴሌስኮፑንም ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለው ውጭ ያኑሩት፤ መስተዋቱ ከውጭው ብርድ ጋር ይስማማ፡፡ መስተዋቱ አቧራ ቢይዝ በመሐረብ አይጥረጉት፤ ጥቂት አቧራ አይጎዳም፣ ጭረት ግን ዕድሜ ልክ ነው፡፡

ምን ይታያል? እዚህ ላይ ሐቁን ለልጅ አስቀድሞ መንገር ግድ ነው፡፡ በቀለም ያሸበረቁት ሥዕሎች ለረጅም ሰዓት ብርሃን ያጠራቀሙ ካሜራዎች ውጤት ናቸው፤ የሰው ዓይን ግን በደብዛዛ ብርሃን ቀለም አይለይም፡፡ አንድሮሜዳ የተባለችው ጋላክሲ በቴሌስኮፑ ውስጥ ግራጫ እስትንፋስ ነው የምትመስለው፡፡ ያ እስትንፋስ ሁለት ሚሊዮን ተኩል ዓመት ተጉዞ ዓይንዎ ውስጥ የገባ ብርሃን መሆኑን ያወቀ ልጅ ግን በግራጫነቱ አያዝንም፡፡ ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ጥላ ስለሌላት ጠፍጣፋ ትሆናለች፤ በግማሽዋ ጊዜ ያሉት ተራሮችና ጉድጓዶች ግን አፍ ያስከፍታሉ፡፡ ጁፒተር በ65 ማጉላት ሁለት ቀበቶዎቿንና አራቱን ጨረቃዎቿን ታሳያለች፤ ጨረቃዎቹ በየምሽቱ ቦታ ሲለዋወጡ በደብተር መሣል ለአንድ ወር የሚበቃ ሥራ ነው፡፡ የሳተርን ቀለበት እ.ኤ.አ በማርች 2025 ወደ እኛ በጠርዙ በመዞሩ ከዓይን ጠፍቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ እየተከፈተ ነው የሚሄደው፤ በ2030ዎቹ መጀመሪያ ላይ በሰፊው ይታያል፡፡

ጨርሶ ገና ላልወሰነ ሰው ከቴሌስኮፕ በፊት ባይኖኩላር ይመከራል፡፡ ባለ 10 በ50 ማለትም 10 ጊዜ የሚያጎላ፣ 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፡፡ ምክሩ ትክክል ነው፤ በእኛ አገር ግን አንድ እክል አለበት፡፡ ባይኖኩላር እዚህ እንደ ጸጥታ ጉዳይ ስለሚታይ ወፍ ለማየት የመጡ ቱሪስቶች ሳይቀሩ አየር ማረፊያ ላይ እንደተያዘባቸው ሲናገሩ ይሰማል፡፡ ስለዚህ ባይኖኩላርም ሆነ ቴሌስኮፕ ከማስመጣትዎ በፊት ጉምሩክን ይጠይቁ፤ ቢቻል መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ፡፡ ዘመድዎን ቦሌ ላይ ባላሰበው ክርክር ውስጥ መክተት ነውር ነው፡፡ ዕቃው እስኪመጣ ደግሞ ስቴላሪየም የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ስልክዎ ላይ ጭነው አካባቢውን አዲስ አበባ ብለው ያስተካክሉና ከልጅዎ ጋር ደማቆቹን ከዋክብት በስም ይለዩ፡፡ የት እንደሚያነጣጥር የማያውቅ ሰው ቴሌስኮፕ ቢሰጡት የሚያየው ጨለማ ነው፡፡

ስለ ፀሐይ እመለሳለሁ ብዬ ነበር፡፡ በቴሌስኮፕ ፀሐይን በቀጥታ ማየት ዓይንን በቅጽበት ያሳውራል፡፡ በአንዳንድ ርካሽ ሳጥኖች ውስጥ ትንሹ ሌንስ ላይ የሚጠመዝዙት «የፀሐይ ማጣሪያ» የተባለ ጥቁር መስታወት ይመጣል፡፡ አውጥተው ይጣሉት፤ ለልጅ አይተዉለት፡፡ የተሰበሰበው የፀሐይ ሙቀት የሚያርፈው እሱው ላይ ስለሆነ ሲግል ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ሲሰነጠቅ ደግሞ ዓይንዎ እዚያው ነው ያለው፡፡ ትክክለኛው ማጣሪያ ብርሃኑ ወደ ቱቦው ሳይገባ ከፊት ለፊት አፉን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነውና ለዚሁ ሥራ የተመረተው ነው፡፡ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ ፀሐይ የእሳት ቀለበት ስትሆን ብዙዎቻችን በየቤታችን የነበረውን ሁሉ፣ የራጅ ፊልም ሳይቀር፣ ስናፈላልግ ነበር፡፡ ራጅ ፊልምም አይሆንም፡፡ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ ደግሞ ፀሐይ በአገራችን በከፊል፣ በግብፅ ሉክሶር ከስድስት ደቂቃ በላይ ሙሉ በሙሉ ትጋረዳለች፡፡ ለእኛ ክረምት ነው፤ ደመናው ካልተከፈተ ምንም ላናይ እንችላለን፡፡ ማጣሪያውን ግን ከቴሌስኮፑ ጋር አብሮ ማዘዝ ይሻላል፤ ከሳምንት በፊት የሚፈልግ ሰው አያገኝም፡፡